ሃያ ሁለት መገጣጠሚያዎች

ጠዋት ጠዋት፣ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጉም የሆስፒታሉን ግቢ ሞልቶ የጽዶቹን ጫፍ ሲውጥ፣ ሲስተር ትርንጎ የጥናቱን ክፍል ከፍታ ትገባለች። መጀመሪያ መስኮቱን ትከፍትና የበረኪናው ሽታ ወጣ እስኪል ጠብቃ መልሳ ትዘጋዋለች፤ ሕመምተኞቿ ብርድ አይወዱም። ቀጥላ እጇን በሞቀ ውኃ ትታጠባለች፣ ታደርቃለች፣ ጣቶቿን እርስ በርስ እያፋተገች ታሞቃለች። በመጨረሻም ክፍሉን ለሁለት የሚከፍለውን አረንጓዴ መጋረጃ ስባ ትዘጋና ከጠረጴዛው ወዲህ በኩል ትቀመጣለች። ደሴ ውስጥ ሃያ አምስት ዓመት በነርስነት ስትሠራ እንዲህ ያለ ንጹሕና ጸጥ ያለ ሥራ ደርሷት አያውቅም።

ሥራዋ መቁጠር ነበር። ዶክተር ኢድሪስ የሚመራው ጥናት ለመገጣጠሚያ ብግነት የተሠራ አዲስ ክኒን የሚሞክር ነው። አገሬው በደፈናው ቁርጥማት የሚለው ይህ በሽታ፣ የሰውነት መከላከያ የገዛ ራሱን መገጣጠሚያ እንደ ባዕድ ቆጥሮ የሚያጠቃበት፣ ጣት የሚያጣምምና እጅን ከባለቤቱ የሚነጥቅ ክፉ ነገር ነው። ከአርባዎቹ ሕመምተኞች ግማሾቹ እውነተኛውን ክኒን፣ ግማሾቹ በመልክም በጣዕምም እሱኑ የመሰለ ባዶ ክኒን ይወስዳሉ፤ ማን የቱን እንደሚውጥ ሕመምተኛውም ዶክተሩም ትርንጎም አያውቁም። ዶክተር ኢድሪስ ግን በዚህ ብቻ የሚረካ ሰው አልነበረም። ቆጣሪዋ የሕመምተኛውን ፊት ካየች ታዝናለች፣ ካዘነች ደግሞ ቁጥር ታዛባለች ብሎ መጋረጃውን ራሱ ለክቶ አሰፋው።

መጋረጃው ከጠረጴዛው አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ይቀራል። ሕመምተኛው ማዶ ተቀምጦ ሁለት እጁን በዚያች ክፍተት ያሳልፋል፤ መናገር ለሁለቱም ክልክል ነው። ትርንጎ ከእያንዳንዱ እጅ አሥራ አንድ፣ በድምሩ ሃያ ሁለት መገጣጠሚያ፣ ከአውራ ጣት ጀምራ አንድ በአንድ እየተጫነች እስከ አንጓው ትሄዳለች። የመጫኛው ልክ የታወቀ ነው፤ የራሷ አውራ ጣት ጥፍር እስኪነጣ ድረስ ብቻ፣ ከዚያ አይበልጥም። እጁ ሸሸት ሲል ታመመ ትላለች፣ ታመመ ያለችውን ቆጥራ በሕመምተኛው ተራ ቁጥር ፊት ትጽፋለች። ፊታቸውን ሳታይ ሁሉንም በእጃቸው ለየቻቸው።

ለዚህ ሥራ ያስመረጣትም የራሷ እጅ ነው። የትርንጎ እጅ ያምር ነበር፤ ይህን ደግሞ ከማንም አብልጣ የምታውቀው ራሷ ነበረች። በአርባ ስምንት ዓመቷ መጨማደድ ያልጀመራቸው፣ ረዣዥምና ቀጥ ያሉ፣ ደም ሥሩ የጠፋ ሕፃን ክንድ ላይ በመጀመሪያ ሙከራ ሥሩን የሚያገኙ ጣቶች። ሰው ሲያደንቅላት «እሱ የሰጠኝ ነው» ብላ አንገቷን ትሰብራለች፤ ቤቷ ስትገባ ግን ቅባት ለቅልቃ ጓንት ታጠልቅላቸዋለች።

ቁጥር አሥራ ሰባት በመጀመሪያው ቀን ያሳለፈቻቸው እጆች ከሁሉም የባሱ ነበሩ። የሴት እጆች ናቸው። መገጣጠሚያዎቹ አብጠው ያብረቀርቃሉ፣ ጣቶቹ በሙሉ ወደ ትንሿ ጣት አቅጣጫ ዘመዋል፣ ግራ ሌባ ጣቷ ላይ ወስፌ ደጋግሞ የወጋው ጠባሳ አለ፤ ከቆዳዋ የአክርማና የስንደዶ ሽታ ይወጣል። ስፌት ሰፊ ነበረች ማለት ነው፣ እጇ እሺ ሲላት። ትርንጎ ሃያ ሁለቱንም ተጫነች፣ ሃያ ሁለቱም ታመሙ። ጽፋ ስትጨርስ እጆቹ አልተመለሱም። ቀኙ እጅ ቀስ ብሎ ተገለበጠና አውራ ጣቱን በትርንጎ አውራ ጣት ላይ፣ ቀጥሎ በሌባ ጣቷ ላይ፣ አሳረፈ። ምስጋና መሰላት።

በማግስቱ ቁርስ ላይ የማርማላታው ጠርሙስ ክዳን አልከፈት አላት። የምትኖረው ከልጇ ከረድኤት ጋር ብቻ ነው፤ ረድኤት ነርስነት ተምራ በዚያው ዓመት የጨረሰች፣ ምደባዋን የምትጠብቅ ልጅ ናት፤ አባቷ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል።

«እስቲ ይህችን ክዳን ክፈችልኝ፣ ረዲ።»

«አረጀሽ እንዴ እማዬ?» ብላ ረድኤት እየሳቀች በአንድ ጠመዘዛ ከፈተችው።

ትርንጎም ሳቀች። ከጠረጴዛው ሥር ግን ቀኝ አውራ ጣቷንና ሌባ ጣቷን እያሸች ነበር፤ ሁለቱም መገጣጠሚያቸው ላይ ትኩስ ነበሩ።

በየወሩ ቆጠራ ነበር። በሁለተኛው ወር የቁጥር አሥራ ሰባት የታመሙ መገጣጠሚያዎች ሃያ ሆኑ፣ በሦስተኛው አሥራ ሰባት፣ በአራተኛው አሥራ አንድ። የሌሎቹ ቁጥር እንደ ወጉ አንድ ወርዶ ሁለት ይወጣል፣ ሁለት ወርዶ አንድ ይወጣል፤ የእሷ መውረድ ብቻ ያውቃል። ደግሞ እብጠቱ ብቻ አልነበረም የጠፋው። ጣቶቹ ራሳቸው መቃናት ጀመሩ፤ አንዴ የዘመመ አጥንት በክኒን ተመልሶ እንደማይቃና ደግሞ ማንም ጀማሪ ነርስ ያውቃል። ትርንጎ የቀናውን ጣት በሁለት ጣቶቿ መሃል ይዛ ወደ ላይ ወደ ታች አየችው። ከዚያ ከጎኑ ያለውን የራሷን ጣት አየች፤ ቀለበቷ ሥጋዋ ውስጥ ገብቶ ነበር።

ለማንም አልተናገረችም። ጥፍሯን ማንጣት የማትችል ቆጣሪ ቆጣሪ አይደለችም። ጠዋት ስትነቃ እጆቿ የሌላ ሰው ይመስል ደንዝዘው ይቆያሉ፤ ብርድ ልብሱን መግፈፍ፣ ፀጉሯን መፍታት፣ ቧንቧ መዝጋት እያንዳንዱ የራሱ ልመና አለው። ከሆስፒታሉ ርቃ ሰው የማያውቃት ክሊኒክ ደም ሰጠች፤ ውጤቱ ያንኑ ጽፎ መጣ፣ የመገጣጠሚያ ብግነት። እንደ ለመደባት ከሁለተኛው ወር ጀምራ የራሷንም ትቆጥር ነበር፤ ከወርኃዊው ቆጠራ ማግስት አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ትጫናለች፣ ቁጥሩን ያለፈ ዓመት ካላንደር ጀርባ ላይ ትጽፋለች። ሥራዋን ፈርታ የዋጠችው ሕመም ሆዷ ውስጥ ሌላ ነገር ሆነ።

ቀናች። ሌላ ስም ልትሰጠው ሞክራ አቃታት፣ ቅናት ነው። አሥራ ሰባት እውነተኛው ክኒን ደርሷታል፣ ለዚህ ማስረጃ አያስፈልግም። እኔ ዕድሜዬን የሰው ቁስል ሳጥብ ኖሬ፣ አሁን እዚህ ተቀምጬ የእሷን መዳን ልጽፍላት ነው? እያለች መንገድ ላይ ብቻዋን ታወራ ጀመር። የሌሎቹን እጆች ቶሎ ቶሎ ጨርሳ የአሥራ ሰባትን ትጠብቃለች፤ ሲመጡ ቶሎ አትለቃቸውም። ከልኩ በላይ ትጫናቸዋለች። አንድ ጊዜ ብቻ ሸሸት እንዲሉላት፣ አንድ «አመመኝ» እንዲሉላት፣ ጥፍሯ ነጥቶ ጣቷ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ትጫናለች፤ የምትጮኸው የራሷ መገጣጠሚያ ነው። እነዚያ እጆች ግን አይሸሹም፤ ለስልሰው፣ ሞቀው፣ ተዘርግተው ይጠብቋታል።

በአምስተኛው ወር ቆጥራ ልትጨርስ ስትል ክፍሉ ጸጥ አለ። ኮሪደር ላይ የሚገፋው ጋሪ ጎማ ድምፁ ራቀ፣ ከጣሪያው የሚንጠባጠበው የጉም ውኃ ብቻ ቀረ። ያኔ የአሥራ ሰባት ቀኝ እጅ ተገለበጠና የትርንጎን እጅ ከሥሩ ያዘው። አውራ ጣቱ በአንጓዎቿ ላይ መሄድ ጀመረ፤ ከአውራ ጣት ወደ ትንሿ ጣት፣ ከዚያ በመሃለኛው መገጣጠሚያ ወደ ኋላ፣ ቆጣሪ ብቻ በሚያውቀው ቅደም ተከተል፣ እያንዳንዱ ላይ ቆም እያለ። ትርንጎ እጇን ልትነጥቅ ፈለገች፣ ቁጣውም መጣላት፣ አፏ ግን ክልክሉን ለምዶ አልከፈት አለ። ከመጋረጃው ጀርባ ትንፋሽ ይሰማል። ትንፋሹ መሃል ዝግ ያለ ማንሾካሾክ አለ፣ ቁጥር የሚመስል። ቁልቁል ስታይ የአሥራ ሰባት አውራ ጣት ጥፍር ነጥቷል።

በስድስተኛው ወር አሥራ ሰባት ላይ የቀሩት ሁለት ነበሩ፤ በሰባተኛው ምንም። ትርንጎ ዜሮ ስትጽፍ እስክሪብቶውን በጡጫዋ ጨብጣ ነበር።

ጥናቱ በግንቦት አልቆ የምስጢር ቁጥሮቹ ሲከፈቱ ዶክተር ኢድሪስ እየተጣደፈ መጣ። ክኒኑ ሠርቷል፤ ከወሰዱት ብዙዎቹ ሙሉ በሙሉ ባይድኑም ቀሎላቸዋል፤ ሁለተኛው ዙር ይፈቀዳል፣ በእሱም ሁሉም እውነተኛውን ይወስዳል። ደስታው ፊቱ ላይ አልበቃ ብሎት እጁን ያማታል።

«አሥራ ሰባቷን ምን ሰጥተናት እንደነበር ገምቺ እስቲ፣ ሲስተር።»

«እውነተኛውን ነዋ!» አለች ትርንጎ፤ ምሬቷ ለራሷም ተሰማት።

«ባዶውን! ከሁሉም የዳነችው ሴትዮ ስታርች ስትውጥ ነው የከረመችው። እኔ እንጃ፤ የማይገባን ነገር ብዙ ነው» ብሎ ሳቀና ሄደ።

በሩን ዘጋች። ያን ካላንደር ከቦርሳዋ አውጥታ ከአሥራ ሰባት ቅጽ ጎን ዘረጋችው። ሃያ እና ሁለት። አሥራ ሰባት እና አምስት። አሥራ አንድ እና አሥራ አንድ። ስድስት እና አሥራ ስድስት። ሁለት እና ሃያ። ከላይ እስከ ታች ደመረችው፣ ከታች እስከ ላይ ደመረችው፤ የትኛውም መስመር ከሃያ ሁለት አልበለጠም፣ አላነሰምም። የመጨረሻዋን መስመር አልደመረቻትም፤ ዜሮ እና ሃያ ሁለት መደመር አይፈልግም።

ሴትዮዋን ያገኘቻት በሳምንቱ ነው። በሆስፒታሉ የውጭ በር ጥግ፣ ጉሙ በተገለጠበት ፀሐይ ላይ፣ ሻሿን ወደ ኋላ ያሰረች ሴት ተቀምጣ ሰፌድ ትሰፋለች። ትርንጎ ፊቷን አይታው አታውቅም። አክርማውን የሚያጥፉት ጣቶች ግን ገና ከሩቅ አስቆሟት፤ የወስፌው ጠባሳ ግራ ሌባ ጣቷ ላይ አለ፣ ሌላው ሁሉ ግን የተለወጠ ነው፤ ረዣዥም፣ ቀጥ ያሉ፣ ያልተጨማደዱ። ያን እጅ ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ጓንት ሲጠልቅበት ታውቀዋለች። ሴትዮዋ ቀና ብላ ወደ ትርንጎ እጆች አየች፣ ወስፌዋም ቆመ።

«አፉ በይኝ፣ እህቴ» አለች። «ጦይባ እባላለሁ። ወላሂ ክፉ አስቤ አይደለም። መጀመሪያ ቀን በመጋረጃው ሥር እጅሽን አየሁት፤ እንዲህ ያለ እጅ ለእኔም በሰጠኝ አልኩ። ይኸው ነው። መመኘት ብቻ ነው።»

«መልሽልኝ» አለች ትርንጎ።

«በምን አውቄው?» ጦይባ ሰፌዷን ጠቅልላ ተነሣች። «አንቺ ግን የሰው እጅ አትመኚ። ሲቆጥሩሽ ዓይንሽን ጨፍኚ።» ከዚያ በእነዚያ እጆች ነጠላዋን አጣፍታ ቁልቁለቱን ወረደች።

መደበቅ አልተቻለም። ዶክተር ኢድሪስ የትርንጎን እጅ ሲያይ ደነገጠ፣ ስለ መደበቋም ተቆጣት፣ ከቁጣው ቀጥሎ ግን በሁለተኛው ዙር በሕመምተኛነት መዘገባት፤ ቁጥር አርባ አንድ። ለቆጣሪነቱ ፈተና ወጣና ረድኤት አለፈች። ዶክተሩ «የእናቷ እጅ ነው ያላት» ብሎ ለሁሉም አወራ። ትርንጎ ለልጇ አሠራሩን ሳሎን ውስጥ ብርቱካን ላይ አስተማረቻት፤ ጥፍርሽ እስኪነጣ፣ ከዚያ አይበልጥም እያለች። የራሷን እጅ ግን አልሰጠቻትም። ረድኤት ልለማመድበት ብላ ስትለምናት እጇን ብብቷ ውስጥ ደበቀች።

ጠዋት ጠዋት ሸሚዟን የምትቆልፍላት ረድኤት ሆነች። አምስት ቁልፍ ነው። ልጇ ፊቷ ቆማ ስለ አዲሱ ሥራዋ እያወራች ትቆልፍላታለች፤ ትርንጎ የምትሰማው ግን ወሬውን አይደለም፣ ቁልፏ ቀዳዳዋን ስታልፍ የምታሰማትን ያቺን ቅንጣት ድምፅ ነው። ልጇን እንደ ዓይኗ ብሌን ትወዳታለች። ዓይኗ ግን ልጇ ፊት ላይ አይደለም ያለው። እንዴት ይቀላታል! ሳታየው፣ ሳታስበው፣ እንደ ዋዛ። እኔ ወልጄ፣ እኔ አሳድጌ፣ እነዚያን ጣቶች እኔ ሠርቼ ሳበቃ ለእኔ አንዲት ቁልፍ ይታጣልኝ? ይህን ስታስብ ራሷን ትጠላለች፤ ከሦስተኛው ቁልፍ በኋላ ግን መልሳ ታስበዋለች።

«ሌላ ቆጣሪ የለም?» አለችው ዶክተሩን ቀኑ ሲደርስ።

«የለም። ካልተቆጠርሽ ደግሞ ክኒኑን መስጠት አልችልም፤ ሕጉን አንቺው ታውቂዋለሽ። ማን እንደሆንሽ እንዳትነግሪያት ብቻ።»

እጅ የሌለው ነርስ ምን ይሆናል? ሌላ ሰው የሚያለብሰው፣ ሌላ ሰው የሚያጎርሰው ሰው ሆኖ ይቀራል። ገባች። ክኒኑን ውጣ፣ በሕመምተኞቹ በኩል ባለው በር አልፋ፣ ሃያ አምስት ዓመት በሠራችበት ግቢ አንድም ቀን ባልተቀመጠችበት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ከዚህ በኩል መጋረጃው ሌላ ነው። ጨለም ይላል፣ የሰው ትንፋሽ ይሸታል። በግንባሯ ልክ ጨርቁ ላይ ቅባት የጠጡ ጠቋቁር ምልክቶች አሉ፣ አንዱ በአንዱ ላይ የተደራረቡ። ትንሽ ቆይቶ ነው የገባት። ሰዎች እጃቸውን ሲሰጡ ግንባራቸውን ጨርቁ ላይ አስደግፈው ቁልቁል ያዩ ነበር።

ዓይኗን ጨፍና እጆቿን አሳለፈች። አልመኝም፣ አልመኝም እያለች የልጇን ሕፃንነት አሰበች፣ የጥርሷን መውጣት፣ የመጀመሪያ ደብተሯን። የረድኤት አውራ ጣት መጣ፤ ሞቃት፣ ልኩን የጠበቀ። አንድ በአንድ ሄደ፣ ሃያ ሁለቱንም አዳረሰ፣ ትርንጎ በእያንዳንዱ ሸሸት አለች። አለቀ ብላ እጇን ልትስብ ስትል የልጇ እጆች ያዟት። በየጠዋቱ ሸሚዝ የምትቆልፍለትን ሰው እጅ ረድኤት እንዴት አታውቀውም? መናገር ክልክል ነውና አልተናገረችም፤ የእናቷን እጆች በሁለት መዳፎቿ አቅፋ ቀስ ብላ ታሻቸው ጀመር፣ አንድ የእንባ ጠብታም ወደቀባቸው። እንዲህ የነካት ሰው ከስንት ዓመት ወዲህ አልነበረም። ትርንጎ ዓይኗን ገለጠች።

ግንባሯ ጨርቁን ነክቶ ነበር። ከሥር፣ በአንድ ስንዝር ብርሃን ውስጥ፣ የልጇ ጣቶች ተዘርግተዋል። የገዛ አፏ በዝግታ ሲንቀሳቀስ ተሰማት፤ አንድ፣ ሁለት። የራሷ እጅ መቼ እንደተገለበጠ አላወቀችም። ጥፍሯን አየችው፣ ነጥቷል። ያኔ ከእሳት እንደሚያወጡ ነጥቃ እጆቿን አወጣች፣ ወንበሩን ገልብጣ በሩን ሳትዘጋ ወጣች፤ እስከ ቤቷ ድረስ እጆቿን ብብቷ ውስጥ እንደ ቀበረች ሄደች። ሁለት ብቻ ነው፣ ምንም አይደለም፣ ሁለተኛ እዚያ ወንበር ላይ አልቀመጥም ብላ ማለች።

በማግስቱ ጠዋት ነቅታ ሸሚዟን ለበሰችና፣ ልጇን ሳትጠራ ቁልፎቹን ቆለፈቻቸው። አምስቱንም። መጀመሪያ የመጣላት ደስታ ነው፣ ንጹሕ ደስታ፤ ክኒኑ ነው አለች፣ ክኒን በአንድ ቀን እንዲህ እንደማይሠራ እያወቀች። ወጥ ቤት ስትደርስ ረድኤት ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣ ቀኝ እጇን በግራዋ ታሻለች። ዳቦው ተቆርጧል፣ ጠርሙሱ ፊቷ ቆሟል።

«እማዬ፣ እስቲ ይህችን ክዳን ክፈችልኝ» አለች እየሳቀች።

ትርንጎ ጠርሙሱን ተቀበለቻትና በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ ብቻ ከፍታ ሰጠቻት፤ ከዚያ ግድግዳው ላይ ወዳለው ካላንደር ዞር ብላ እስከሚቀጥለው ቆጠራ ያለውን ስትቆጥር፣ ሠላሳ ቀን ረዘመባት።